አዳማ የገባችው ባዶ መርከብ

ሰኔ 9 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ አዳማ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሐሜት ልጽፍበት አይደለም። የባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ጸሐፊ ነኝ፤ የአገሩ ምሥጢር ሁሉ በጣቴ ሥር ያልፋል፤ አፉን መዝጋት የሚችል ሰው በአዳማ ቢፈለግ ከእኔ ከኃይለየሱስ ሌላ አይገኝም። ግን አንዳንድ ነገር ለማንም ሳይናገሩት ሲቀር ሆድ ይነፋል።

ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ባለፈው ባቡር አንድ ፈረንጅ ተሳፋሪ አግዳሚው ላይ ባለሥዕል ጋዜጣ ረስቶ ሄደ። ሼፉ ሳያየው ኮቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። (ሼፉ የጣቢያችን አለቃ ነው፤ ፈረንሳዊ ነው፤ ቢሮ ሲገባ ሆዱ ይቀድመዋል።) መስረቅ አይባልም፤ ማስቀመጥ ነው።

ጋዜጣው ስለ ባሕር ምሥጢር ብቻ ነው የሚያወራው። ከሁሉ የገረመኝ የአንዲት መርከብ ታሪክ ነው። የዛሬ ስልሳ ዓመት በሩቅ ውቅያኖስ መካከል ሸራዋን ዘርግታ ስትሄድ ሌሎች መርከበኞች አገኟት። ቢጠሯት መልስ የለም። ወጥተው ቢያዩ ማዕዱ ቀርቧል፣ ሾርባው ገና ይጨሳል፣ ድመቷ ወንበር ላይ ተኝታለች፤ ሰው ግን የለም። አንድ ሰው እንኳ! የት ሄዱ? እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ድሬዳዋ ሚሲዮን ፈረንሳይኛ ያስተማሩኝን አባቶች እግዜር ይስጣቸው፤ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ አራቱንም ጊዜ ፀጉሬ ቆመ። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቅ ውሃ ዝዋይ ነው፤ እሱንም ከሩቅ።

ሰኔ 14

ጥድፊያ። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ገባ። የመቂው ነጋዴ የሽኩር በሬዎች ሐዲዱ ላይ ተኝተው አንነሣም አሉ። ሼፉ ይጮኻል። እኔ ደግሞ ጋዜጣዬን እያነበብኩ ልክ ድመቷ ጋ ስደርስ የቴሌግራፉ መሣሪያ መንጣጣት ጀመረ፤ ከጅቡቲ በኩል ነው። ፊደል በፊደል ገለበጥኩት፤ ለመተርጎም ቀርቶ መልሶ ለማየትም ጊዜ አልነበረም። ወረቀቱን ደህና ቦታ አኖርኩት። ጋዜጣውንም ያቆምኩበት ገጽ እንዳይጠፋኝ ምልክት ከትቼበት ዘጋሁና ወደ በሬዎቹ ሮጥኩ። አንዱ ረገጠኝ።

ሰኔ 17

እትዬ ዙለይካ ጣቢያ መጡ። የነጋዴው የመሐመድሰዒድ ባለቤት ናቸው፤ ባልና ሚስት ከወሎ መጥተው ከለገሃሩ ፊት ለፊት የጨርቅና የስኳር ሱቅ ካቆሙ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። መሐመድሰዒድ በሚያዝያ ለሐጅ ወደ መካ ወረዱ፤ እስካሁን መመለስ ነበረባቸው።

«ልጄ ኃይለየሱስ፣ ከእኛ ሰውዬ ወሬ አልመጣም?»

«አልመጣም እትዬ። ቢመጣማ እኔው ራሴ እየሮጥኩ አላመጣም?»

«አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብለው፣ እኔኑ አጽናንተው ሄዱ።

ከኋላቸው ልጃቸው ቶይባ ቆማ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ከሰው ፊት አይነሣም፤ ለሴት ልጅ ጥሩ ጠባይ አይመስለኝም። የዛሬ ሁለት ዓመት የአባቷን ስም በሱቃቸው ሳጥኖች ላይ በፈረንጅ ፊደል በጥቁር ቀለም የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ዛሬም አልለቀቀም። ያን ዕለት የቀለሙን ጣሳ ይዛልኝ «ይኼኛው ምን ይባላል? ያኛውስ?» እያለች ጆሮዬን በላችው።

ሰኔ 22

እሑድ። ከቅዳሴ መልስ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የመርከቢቱን ታሪክ ለሰው ነገርኩ። ልንገር ብዬ አልተነሣሁም፤ ለምነውኝ ነው። ስጀምር ስድስት ሰው ነበር፤ ድመቷ ጋ ስደርስ መንገዱ ተዘጋ። አንዱ «በስመ አብ!» ይላል፣ ሌላው «አዑዙ ቢላህ!» ይላል። ሾርባውን ወደ ዶሮ ወጥ ለወጥኩት፤ እዚህ አገር ሾርባ ማን ያውቃል? ስልሳ ዓመቱንም ተውኩት፤ ነገሩን ያቀዘቅዘዋል።

የጣቢያው ተሸካሚ መርጋ ብቻ ነው ያልደነገጠው። የዝዋይ ዳር ልጅ ነው።

«ኦቦ ኃይለየሱስ» አለኝ፣ «እኛም አገር ባዶ ታንኳ ይመጣል እኮ። ነፋስ እየገፋ ያመጣዋል።»

«ታዲያ ምሥጢሩ ምንድን ነው?» አሉት።

«ምን ምሥጢር አለው? ማታ ገመዱን ሳያስር የተኛ ሰው አለ። ጠዋት እንዳያፍር ‹ጂኒ ወሰደብኝ› ይላል።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። ይኼ መርጋ ጥሩ ጉልበት አለው፤ የዓለም ነገር ግን አይገባውም።

ሰኔ 24

በዛሬው ባቡር አዲስ አበባ የሚነግድ አንድ የሐረር ሰው ከሐጅ ሲመለስ አለፈ። እትዬ ዙለይካ በመስኮቱ ጠየቁት። «የእነሱ መርከብ ከእኛ ሁለት ቀን ቀድማ ከጅዳ ተነሣች። ጅቡቲ ግን አልገባችም። ያያትም የለ» አላቸው። እትዬ ዙለይካ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ለምን እኔን? መርከብ የማውቀው እኔ ነኛ!

ሐምሌ 1

ከተማው አብዷል። የዳኛው ጸሐፊ መዝገብ ቢጠፋበት «ያቺ መርከብ ወሰደችው» አለ፤ ባለጉዳዩም አመነ። ሦስት ቀን ከቤቱ ጠፍቶ የሰነበተ አናጢ «ወንጂ ሜዳ ጎርፉ ላይ ባዶ መርከብ አይቼ ራሴን ሳትኩ» ብሎ ገባ። ሚስቱ የትኛው ጠጅ ቤት ራሱን እንደሳተ ታውቃለች፤ በጥፊ አጮለችው። ረግረጉ ላይ መብራት ታየ የሚሉም አሉ።

ስለ መብራቱ መጥተው ጠየቁኝ። «ባዶ መርከብ የቀረውን ሰው ወደ ራሷ ልትስብ በመብራትና በድምፅ ትጣራለች» አልኳቸው። ይኼ ጋዜጣው ላይ የለም። ሊኖር ግን ይችል ነበር። እንዲህ የተከበርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ልብስ ሰፊው እንኳ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያስቀምጠኛል።

ሐምሌ 5

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ለእትዬ ዙለይካ መርዶ ተነገረ። ያረዳቸው የባላቸው ታናሽ ወንድም ደሊል ነው። ወንድሙ ከወረዱ ጀምሮ የወንድሙ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የወንድሙን ከዘራ ይዞ ይሄዳል፤ ለለቅሶውም ከሁሉ የፈጠነው እሱ ነው።

እትዬ ዙለይካ ግን አላለቅስም አሉ። «ሬሳ የለ፣ ያየ የለ። ማንን ነው የማለቅሰው?»

ሰዉ ተቀየማቸው። ክርስቲያኑ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እስላሙ ለዱዓ ተሰብስቦ መጥቶ፣ ባለቤቲቱ አላለቅስም ስትል አይከብድም? እኔማ አነባሁ። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ አይተዋል።

ሐምሌ 9

ነገሩ ወዲህ ነው ለካ። ደሊል ቶይባን ለመቂው ሽኩር ሊድራት ነው፤ ለባለ በሬው። ሽኩር ሁለት ሚስቶች አሉት፣ ከአባቷም ይበልጣል። መሐመድሰዒድ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለውታል አሉ። አሁን እምቢ ባዩ ጠፍቷል፤ ደሊል ከሽኩር ጋር ንግድ ሊገጥም ፈልጓል፤ ልጅቷ ደግሞ «ከምሄድ አዋሽ ልግባ» ብላለች። መርጋ ነው የነገረኝ። ያሳዝናል። ግን የሰው ቤት ጉዳይ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ!

ሐምሌ 11

ታሪኩን እንደገና ላነብ ጋዜጣውን ከፈትኩት። ድመቷ ጋ የታጠፈ ወረቀት አለ። የእኔው ጽሕፈት ነው።

እዚያው ቆሜ ተረጎምኩት። «መርከባችን ተበላሽታ ዓደን ቆመናል። ደህና ነኝ። ቶይባን እስክመጣ ለማንም እንዳትድሯት። መሐመድሰዒድ።» ሰኔ ዐሥራ አራት ቀን የገባ።

በሬዎቹ ናቸው! በሬዎቹ ሐዲድ ላይ ባይተኙ ኖሮ! ደግሞ የማን በሬዎች! 

ልወስድላቸው ኮቴን ለበስኩ። በሩ ጋ ስደርስ ሼፉ ትዝ አለኝ። በጥር አንድ ቴሌግራም የጠፋብኝ ጊዜ «ሌላ አንድ ወረቀት ቢጠፋ በረሃ ጣቢያ ትወርዳለህ» ብሎኛል። ቀጥሎ ሮማነወርቅ ትዝ አለችኝ። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ልልክባት ነው። አባቷ ግራዝማች ንዋይ «ልጄን ቢሮ ለተቀመጠ ሰው እንጂ በረሃ ለተጣለ አልሰጥም» ይላሉ። ኮቴን አወለቅኩ።

ነገ እወስደዋለሁ። ሰውየው እንደሆነ ደህና ነኝ ብሏል። ደህና የሆነ ሰው ወሬ አንድ ቀን ቢያድር ምን ይሆናል?

ሐምሌ 12

ዶፍ ነው። ወረቀቱ ይረጥባል። ነገ።

ሐምሌ 13

ሰንበት።

ሐምሌ 16

ሼህ ኑሬ ቤት ተጠራሁ። የከተማው እስላም ሁሉ ኒካውንና ውርሱን እሳቸው ፊት ነው የሚጨርሰው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም።

«አባት በሕይወት ካለ ልጁን የሚድረው እሱ ነው፤ ከሞተ ወንድሙ ነው» አሉ ሼህ ኑሬ። «መሞቱን የሚመሰክር ሰው አምጡ።»

«ምስክር አለኝ» አለ ደሊል፣ የወንድሙን ከዘራ ወደ እኔ እየጠቆመ። «የፈረንጅ ጋዜጣ ምስክር ነው!»

ስድስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጋዜጣውን እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የወሰድኩት። (ወረቀቱን ማታ አውጥቼ ፍራሽ ሥር አድርጌዋለሁ።)

«እውነት መርከብ ሰዎቿን አጥታ ባዶዋን ትገኛለች?»

«ትገኛለች ሼኽዬ። ተጽፏል።»

«መቼ ነው የተገኘችው?»

«በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያለው፤ ለማስላት ትንሽ ያስቸግራል።»

«ከመሐመድሰዒድስ ምንም ወሬ አልደረሰህም?»

ሁሉም አፍ አፌን አየኝ። «ሼኽዬ፣ ባሕር ደብዳቤ አይጽፍም» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ በጣም ወደዱት። አንዱማ ጢሙን እያሻሸ ሁለት ጊዜ ደገመው። ሼህ ኑሬ ግን ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉና «እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይጠበቅ። እስከዚያ ወሬ ካልመጣ ወንድሙ ይዳራት» ብለው ፈረዱ።

ውሸት አልተናገርኩም። ባሕር እውነትም ደብዳቤ አይጽፍም። የጻፉት መሐመድሰዒድ ናቸው።

ሐምሌ 20

አንድ ወር ከዐሥር ቀን አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ራሳቸው ይመጣሉ። ሲመጡ «ላክሁ» ይላሉ፣ እኔ «መስመሩ ተበላሽቶ ነበር» እላለሁ፤ መስመር ይበላሻል አይደል? ሁሉም በሰላም ያልቃል። ወረቀቱን ከፍራሹ አውጥቼ ወደ ጋዜጣው መለስኩት፤ ሠራተኛዬ ፍራሽ ታራግፋለች።

ሐምሌ 26

ቶይባ ብቻዋን ጣቢያ መጣች። «ጋሼ ኃይለየሱስ፣ አባቴን የበላችውን መርከብ ሥዕሏን አሳየኝ» አለች።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ጋዜጣዬን ሲጠይቀኝ ደስታ ያሳብደኛል፤ አወጣሁላት። ሁለት ገጽ ስትገልጥ ወረቀቱ ተንሸራቶ እግሯ ሥር ወደቀ። ነፍሴ ወጣች። ጎንበስ ብላ አነሣችው። አየችው፤ ቶሎም አልጨረሰችም። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ።

«ወረቀት ወደቀብህ።»

«የ... የከሰል ደረሰኝ ነው።»

«የከሰል?»

«አዎ፣ የባቡሩ።»

«በል እንዳይጠፋብህ» ብላ ሥዕሉን ሳታይ ወጣች።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ የፈረንጅ ጽሕፈት አታነብም! ሻሿን እያስተካከለች ስትሄድ እስክትሰወር ድረስ አየኋት፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ።

ነሐሴ 6

አንድ ነገር አለ። ቶይባ ባቡር ባለ ቁጥር ትመጣለች። ቅዳሜም መጣች፣ ዛሬም ማክሰኞ መጣች። ባቡሩን አታይም፣ ተሳፋሪውን አታይም፤ መስኮቴ ፊት ቆማ እኔን ነው የምታየው። ባቡሩ ሲሄድ እሷም ትሄዳለች።

ወዳኛለች መሰለኝ። ምስኪን! ልብ መቼ ይታዘዛል? ሃይማኖታችን ይለያያል፣ እኔም ሮማነወርቅ አለችልኝ። ቢሆንም ከሱቅ ትንሽ የኪስ መስተዋት ገዛሁ። ሰው ሲያይህ ንጹሕ መሆን ጥሩ ነው።

ነሐሴ 10

የፍልሰታ ጾም እያለቀ ነው። እትዬ ዙለይካ ጾመኛ መሆኔን ያውቃሉ፤ ለእኔ ብለው በአዲስ ድስት፣ ቅቤ ባልነካው፣ ሽሮ ሠርተው ላኩልኝ። «ለቅሷችን ላይ አልቅሰሃል፣ ስለ ሰውዬዬም የምትጨነቅ አንተ ብቻ ነህ» አስብለዋል። ሁለት ጉርሻ ጎረስኩና ድስቱን መልሼ ከደንኩት። ለመርጋ ሰጠሁት።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ማለቴ «አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ የሰው አደራ ወረቀት ረስቶ፣ አሁን ለመስጠት የፈራ» አልኳቸው።

«ያ ሰው ስለምን ራሱ አይመጣም?» አሉኝ።

«ሥራ ይበዛበታል አባ።»

«እንግዲያስ ስትወጣ ንገረው» አሉ፣ «ሥራው እንደሚቀልለት ንገረው። አደራ በላ ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ዛሬውኑ ይስጥ።»

ነገርኩት። ሰውየው ነገ አለ።

ነሐሴ 20

ዛሬም መጥታ ቆመች። ፈገግ አልኩላት። አልሳቀችም። እንደዚህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም፤ ያስፈራል።

ነሐሴ 27

ባቡር። መሐመድሰዒድ አልወረዱም። ኒካው ለዓርብ ተቆረጠ። ሽኩር አምስት በሬ አምጥቷል። እነዚያን እንዳይሆኑ ብዬ ላያቸው አልሄድኩም።

ነሐሴ 29

እትዬ ዙለይካ አስጠሩኝ። ቤታቸው ውስጥ ለቶይባ ዕቃ መያዣ የሚሆን አዲስ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። እትዬ ከሳ ብለዋል።

«ልጄ፣ በአባቷ ቤት ወግ የሚሸኛት አባት የለ» አሉኝ። «እንዲያው ስሙን እንኳ ይዛ ትሂድ። እንደዚያን ጊዜው አድርገህ ጻፍልኝ።»

እምቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ቡርሹን ያዝኩ። ቶይባ የቀለሙን ጣሳ ይዛ አጠገቤ ቆመች፤ እንደ ድሮው። ቀለሙ ሁለት ቦታ ተንጠባጠበብኝ። አንድም ፊደል አልጠየቀችኝም። ስጨርስ ጽሑፉን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሳትነካው ተከተለችውና ቀስ ብላ፣ እናቷ በማይሰሙት ድምፅ፣ «ያኛው ከዚህ ይበልጥ ያምራል» አለች።

«የቱ?»

«ደረሰኙ ላይ ያለው።»

ወደ ቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ እንጂ ምን እንደምጽፍም አላውቅ። ጥቁሩ ቀለም ከጣቴ አልለቅ ብሏል። ያቺ ልጅ ታውቃለች። ከሐምሌ 26 ጀምሮ ታውቃለች። እኔ ደግሞ መስተዋት ገዛሁ! ወይኔ ኃይለየሱስ!

ነሐሴ 30

ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ወረቀቱን ከጋዜጣው አውጥቼ ወደ እትዬ ዙለይካ ቤት ሮጥኩ፤ ስደርስ ግቢው ሙሉ ነው። ሼህ ኑሬ መሐል ተቀምጠዋል፣ ደሊልና ሽኩር እጃቸውን ሊጨባበጡ ነው። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። በጭቃ ተለውሼ ገባሁና «ቴሌግራም! ከመሐመድሰዒድ!» ብዬ ጮህኩ። አነበብኩት። «ደህና ነኝ። ቶይባን እስክመጣ ለማንም እንዳትድሯት።»

ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ ዙለይካ «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ ሰማሁ።

«መቼ ነው የመጣው?» አለ ደሊል።

እዚህ ላይ ልቤ ከዳኝ። «አሁን... ዛሬ» አልኩ።

ያቺን ቃል ባላወጣኋት! መጀመሪያ የተነሣው ያ አናጢ ነው። «ሦስት ወር ጠፍቶ ዛሬ፣ በኒካው ሰዓት? ሰውየውማ አይደለም! መርከቢቱ ናት የላከችው!» አለ። «አዑዙ ቢላህ!» አለ ግቢው በሙሉ። አንዱ ሽማግሌ ከዘራውን ወደ እኔ እየነቀነቀ «ባዶ መርከብ በመብራትና በድምፅ ትጣራለች ያልከን አንተ አይደለህም? ይኸው በቴሌግራም ተጣራች!» አለ። የቴሌግራሙን ወረቀት እንዳይነካቸው ሰዎች ልብሳቸውን ሰበሰቡ።

«ሕያው ነው እላችኋለሁ!» ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ። ያንን ሁሉ ውሸት ስናገር አዳማ በሙሉ አምኖኛል፤ አንዲት እውነት ባመጣ ማንም አልቀበል አለኝ።

ደሊል «የሙት ትእዛዝ ኒካ አያስቆምም። ይቀጥል» አለ። ሽኩር እጁን ዘረጋ። መጋረጃው ገለጥ ብሎ የቶይባ ዓይን ታየኝ። እንደ ባቡሩ ቀን ነው የምታየኝ።

«ዛሬ አይደለም የመጣው!» አልኩ። «ሰኔ ዐሥራ አራት ነው። ማንም ስለ መርከብ ሳያወራ፣ ማንም ሳያለቅስ በፊት። ጋዜጣ ውስጥ ረሳሁት። ሐምሌ ዐሥራ አንድ አገኘሁትና ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ደበቅሁት። እርስዎ ፊትም ቀርቤ አታለልኩዎ። ያቺ መርከብም ከተገኘች ስልሳ ዓመቷ ነው።» ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፤ ቀኑ በቀይ ማኅተም አለበት።

ደሊል «ሰክሯል! አውጡት!» አለ። ሼህ ኑሬ እጃቸውን አነሡ።

«ኃይለየሱስ፣ ይህን በመናገርህ እንጀራህን እንደምታጣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ሼኽዬ።»

«ለራሱ ጥቅም የሚናገር ቢሆን ምስክር እጠይቀው ነበር» አሉ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «ይኼ ግን የሚመሰክረው በገዛ ራሱ ላይ ነው። ሌላ ምስክር አልፈልግም። አባቷ በሕይወት አለ። ኒካ የለም፤ ተነሡ።»

ሽኩር በሬዎቹን ነድቶ ወጣ። እኔን ማንም አላናገረኝም፣ ማንም አልመታኝም። እትዬ ዙለይካ ወደ በሩ መጥተው አዩኝ። «ሰኔ ዐሥራ ሰባት ጠይቄህ ነበር» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቢመቱኝ ይሻል ነበር።

ጳጉሜ 1

ሼፉ ሰማ። ከአዋሽ ወዲያ ያለ፣ ስሙን እንኳ የማያውቁት በረሃ ጣቢያ ተመደብኩ። ግራዝማች ንዋይም ሰው ላኩብኝ። መልእክቱ አጭር ነው፤ ሽማግሌ እንዳትልክ ይላል።

መስከረም 3 ቀን 1923 ዓ.ም.

ከባቡሩ መሐመድሰዒድ ወረዱ! ከስተዋል፣ ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ጣቢያው ላይ የነበረው ሰው ግማሹ ሸሸ፤ ያ አናጢ ቦይ ውስጥ ገባ። አንዱ ደፋር ከሩቅ ቆሞ «መርከባችሁ ባዶ ነበረች ወይ?» አላቸው።

«ባዶ? አራት መቶ ሰው ታጭቆባት እግር መዘርጊያ አጥተን ነው የመጣን! ባዶ ብትሆንማ በተመቸኝ!» አሉ። መርከቢቱ እስክትጠገን አንድ ወር ተኩል፣ እሳቸው ታመው ሐኪም ቤት ሌላ አንድ ወር ዓደን ቆይተዋል።

እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ቴሌግራሜ ደረሰ አይደል?»

«ደረሰ» አልኩ።

«አውቄዋለሁ! ሌላ ልላክ ብዬ ነበር እኮ። ግን ኃይለየሱስ እያለ ወረቀት አይጠፋም ብዬ ተውኩት» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። እትዬ ዙለይካ አጠገባቸው ናቸው፤ ዝም አሉ። ለምን ዝም እንዳሉ ገባኝ፤ ራሴ እንድነግራቸው ነው። ሱቃቸው ድረስ ተከትዬ ሄጄ ነገርኳቸው። ትከሻዬን የሳሙበትን አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

መስከረም 6

ዛሬ እወርዳለሁ። መርጋ ሳጥኔን ተሸከመልኝ። «ኦቦ፣ ገመዱን በደንብ አስሬዋለሁ» አለኝ። ቀልድ መሆኑ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው።

ቶይባ መጥታ መስኮቴ የነበረው ቦታ ቆመች። ሄድኩላት።

«ያን ዕለት የአባትሽን ስም አይተሽ ዐወቅሽው?»

«ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም?»

«ለማን? ‹የፈረንጅ ጽሕፈት አነበብኩ› ብል ‹ጂኒ ያዛት› ብለው በሳምንቱ ይድሩኝ ነበር። ወረቀቱን ብወስደውም አንተ የከሰል ደረሰኝ ነው ትላለህ። የሚያምኑት አንተን ነው። አንተን ጠበቅሁ።»

«አንድ ወር ሙሉ?»

«አንድ ወር ከአራት ቀን። ባቡር ባለ ቁጥር እየመጣሁ ‹ዛሬስ ይናገር ይሆን?› እያልኩ ፊትህን አያለሁ። አንድ ቀን ፈገግ አልክልኝ። ያን ዕለት ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

ፊቴ ነደደ። ባቡሩ አፏጨ። ጋዜጣውን ሰጠኋት፤ ሥዕሉን አላየችም ነበርና። እዚያው ቆማ ገልጣ መርከቢቱን አየቻትና «ትንሽ ናት» አለች።

መስከረም 12፣ በረሃ ጣቢያ

ግንቡ አንድ ክፍል ነው። ውሃ በባቡር ይመጣል። ኪሴ ውስጥ ያቺ መስተዋት አለች፤ አላወጣኋትም።

ዛሬ የመጀመሪያው ቴሌግራም መጣ፤ ለአንድ የግመል ነጋዴ፣ ልጅ ተወለደልህ የሚል። ቤቱ ሩቅ ነው አሉኝ። በዚያ ፀሐይ ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄጄ ሰጠሁት።

ሰውየው እግሬን አየ፣ ጫማዬ ተቀዷል። «ምነው ወንድሜ፣ ነገ ብታመጣው ምን ነበረበት?» አለኝ።